ቋሚ አበባ ከመግዛታችሁ በፊት ጓሮውን ጠይቁት

የመጀመሪያዋ ላቬንደሬ የቆየችው ሰባት ወር ነው። ስገዛት አብባ ነበር። ሻጩም «ቋሚ ናት፣ አንዴ ከተከልካት ዓመታት ትቆይልሃለች» አለኝ። አልዋሸም። እኔ ግን ወስጄ የተከልኳት ቧንቧው አጠገብ፣ ዛፍ ሥር፣ ውሃ ሁልጊዜ በሚያቁርበት ቦታ ላይ ነው፤ ምክንያቴም ቦታው ባዶ መሆኑ ብቻ ነበር። ቅጠሏ መገርጣት ሲጀምር ውሃ ጠምቷት ነው ብዬ ጨመርኩላት። ሲብስባት አሁንም ጨመርኩ። በመጨረሻ ስነቅላት ሥሯ ጠቁሮ በስብሶ ነበር።

ብዙዎቻችን አበባ የምንገዛው የኋላውን ከፊት አድርገን ነው። ዓይናችን የገባውን እንገዛና ቤት ስንደርስ «የት እንትከለው?» እያልን እንዞራለን። ዓመታዊ አበባ ከሆነ ብዙም አይጎዳም፤ ቢሞትም ዞሮ ዞሮ መሞቱ አይቀርም ነበር። ቋሚ ተክል ላይ ግን ስህተቱም ቋሚ ነው። ያለቦታው የገባ ተክል ቶሎ ላይሞት ይችላል፤ እያዘገመ፣ ሳያብብ፣ ቦታ ይዞ ሦስት አራት ዓመት ያናድዳችኋል። ስለዚህ እዚህ የምነግራችሁ ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ ነው፦ መጀመሪያ ቦታው፣ ቀጥሎ ሥሩና ቅጠሉ፣ አበባው መጨረሻ።

መጀመሪያ፣ ቋሚ ሲባል ምን ማለት ነው?

ነገሩ የዕድሜ ጉዳይ ነው። ዓመታዊ ተክል በአንድ ወቅት ውስጥ በቅሎ፣ አብቦ፣ ዘር ሰጥቶ ይሞታል። ዚኒያን ወይም በቆሎን አስቡ። ሌላው ዓይነት ሁለት ዓመት ይፈልጋል፤ በመጀመሪያው ዓመት ቅጠልና ሥር ያበጃል፣ በሁለተኛው ያብባል፣ ከዚያ ያበቃለታል። ካሮት እንዲህ ነው፤ አበባውን የማናየው ቀድመን ስለምንነቅለው ነው። ቋሚ የሚባለው ከሁለት ዓመት በላይ የሚኖረው ነው። ዛፍና ቁጥቋጦም በዚህ ሒሳብ ቋሚ ናቸው፤ አትክልተኞች «ቋሚ አበባ» ሲሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቡት ግንዱ እንጨት የማይሆነውን ነው።

እዚህ ላይ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ብርዱ ሲበረታ ወይም ድርቁ ሲረዝም ከመሬት በላይ ያለው አካላቸው ሙሉ በሙሉ ይደርቃል። ቦታው ባዶ ይመስላል። ተክሉ ግን አልሞተም፣ ከታች ተኝቷል። ሞተ ብለው ቆፍረው የጣሉ ሰዎች አውቃለሁ፤ አንዱ እኔ ነኝ። ስትተክሉ አጠገቡ ትንሽ እንጨት ቸክሉና ምልክት አድርጉ።

ከታች የሚተኛው አካል ደግሞ ከተክል ተክል ይለያያል። ካናና አይሪስ እንደ ዝንጅብል ወደ ጎን የሚሄድ የምድር ውስጥ ግንድ አላቸው። ዳህሊያ ስኳር ድንች የመሰለ ሥር ያበጃል። ሊሊ ነጭ ሽንኩርት የመሰለ ራስ አለው። ሉፒን እንደ ካሮት ቀጥ ብሎ የሚወርድ ዋና ሥር ይሰዳል። አጋፓንተስና ዴይሊሊ ደግሞ ወፍራም ሥሮች ያሉት ጥቅጥቅ ያለ ዘለላ ይሠራሉ። ይሄ የመጽሐፍ ዕውቀት እንዳይመስላችሁ፣ ኪሳችሁን የሚነካ ነገር ነው። ዝንጅብል መሳዩን ቆርሳችሁ በነፃ ማባዛት ትችላላችሁ። ራስ ያለው ውሃ በሚያቁር መሬት ላይ ይበሰብሳል። ዋና ሥር ያለው ደግሞ አንዴ ከተተከለ መንቀሳቀስ አይወድም፤ እሱን የምትተክሉት ሐሳባችሁን እንደማትቀይሩ እርግጠኛ በሆናችሁበት ቦታ ነው።

ደግሞም ቋሚ ማለት ዘላለማዊ ማለት አይደለም። ፒዮኒ የሚስማማው ቦታ ካገኘ በዚያው ስፍራ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። አኩሊጂያና ጋይላርዲያ ግን ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት አይዘሉም። እነዚህ ሲሞቱባችሁ ጥፋቱ የእናንተ ላይሆን ይችላል።

1. ፀሐይዋን ቁጠሩ

ወረቀት አውጡና ጓሮውን በግምት ሳሉ። ግድግዳው፣ አጥሩ፣ ዛፉ፣ ቧንቧው ሁሉ ይግባ። ከዚያ ሰማዩ በጠራበት ቀን ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓትና 11 ሰዓት ላይ እየወጣችሁ ፀሐይ ያረፈበትን ቦታ ወረቀቱ ላይ አስምሩ። በቃ፣ ሥራው ይሄው ነው። አሰልቺ ይመስላል፤ ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያተርፈው ግን ይሄ ነው።

መለያው እንዲህ ነው። በቀን በድምሩ 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ «ሙሉ ፀሐይ» ይባላል። ከ3 እስከ 6 ሰዓት የሚያገኘው ከፊል ጥላ ነው። ከ3 ሰዓት በታች ከሆነ ጥላ ነው። ችግኙ ላይ ባለው መለያ ወረቀት የምታነቧቸው ቃላት እነዚህ ናቸው።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ የጠዋት ፀሐይና የከሰዓት ፀሐይ እኩል አይደሉም። ሁለቱም 4 ሰዓት ቢቆዩ እንኳ የከሰዓቱ ያቃጥላል፤ ለስላሳ ሰፊ ቅጠል ያላቸው ተክሎች የጠዋቱን ችለው በከሰዓቱ ይጠወልጋሉ። ሁለተኛ፣ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ መንገድ አትሄድም። ከምድር ወገብ ብዙ በማይርቁ አገሮች የቀትር ፀሐይ የዓመቱን ከፊል በሰሜን በኩል፣ ከፊሉን ደግሞ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ ዛሬ ጥላ የሆነው የግድግዳ ጥግ ከስድስት ወር በኋላ ሊጋል ይችላል። ከቻላችሁ ሥዕሉን በዓመት ሁለት ጊዜ ድገሙት። ካልቻላችሁ ቢያንስ በቤቱ ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ጠይቁ።

የዛፍ ሥር ጥላ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ጥላው ብቻ አይደለም ችግሩ፤ የዛፉ ሥር ውሃውንም ይጠጣዋል። «ጥላ ይወዳል» ተብሎ የተሸጠላችሁ ፈርን እዚያ በጥም ሊያልቅ ይችላል፣ ፈርን እርጥብ ጥላ ነውና የሚፈልገው።

2. አፈሩን ጨብጡ፣ ጉድጓድም ቆፍሩ

ትንሽ እርጥበት ያለው አፈር በእጃችሁ ጨብጡና ልቀቁት። ወዲያው ከተበተነ አሸዋማ ነው። ተጣብቆ፣ በጣታችሁ ስትጫኑት እንደ ጥብጣብ እየረዘመ ከወጣ ሸክላ ይበዛዋል። ኳስ ሆኖ ነካ ሲያደርጉት የሚፈረካከሰው መካከለኛው ነው፤ እሱ ያላችሁ ሰዎች አመስግኑና እለፉ።

በደንብ ማየት ከፈለጋችሁ ግልጽ ብርጭቆ ማሰሮ ሲሶውን አፈር ሙሉና ውሃ ጨምሩበት፣ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና አክሉበት፣ ከድናችሁ በኃይል ናጡትና አስቀምጡት። አሸዋው በደቂቃዎች ውስጥ ታች ይቀመጣል። ደለሉ ሰዓታት ይወስድበታል። ሸክላው አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ማሰሮው ጎን ላይ የሚታዩት ንብርብሮች ውፍረት መልሱን ይነግራችኋል።

ከሁሉም በላይ ግን የማምነው የጉድጓድ ፈተናውን ነው። ላቬንደሬን ከመትከሌ በፊት ይሄን ባውቅ ኖሮ! 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። ውሃ ሙሉትና ሰርጎ እስኪያልቅ ጠብቁ። እንደገና ሙሉት፣ አሁን ማስመሪያ አቁሙበትና በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት እንደወረደ ለኩ። ከ2.5 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ከወረደ ለአብዛኛው ተክል ጥሩ ነው። ከ2.5 በታች ከሆነ ውሃው እየተኛ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ላቬንደር፣ ጦስኝ፣ ሮዝመሪ አታስቡ። ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ከወረደ ደግሞ መሬቱ ውሃ አይዝም፤ ድርቅ የሚችሉትን ምረጡ።

አፈሩን ማስተካከል አይቻልም ወይ? ይቻላል። ለአሸዋማውም ለሸክላውም መድኃኒቱ ኮምፖስት ነው፤ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አንጥፋችሁ ከላይኛው አፈር ጋር ቀላቅሉት። ውሃ የሚተኛበት ከሆነ መደቡን ከመሬት ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ሥሩ። ሸክላ ላይ ትንሽ አሸዋ መበተን ግን አይረዳም፣ ድካም ነው። የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ፣ አፈሩን ለተክሉ ከመቀየር ተክሉን ለአፈሩ መምረጥ ይቀላል። ደግሞ ሁሉም የሰባ አፈር አይወድም። ላቬንደር ፍግ በበዛበት መሬት ላይ ቅጠሏ ይንዠረገጋል፣ ግንዷ ይልፈሰፈሳል፣ አበባዋ ያንሳል።

3. ብርዱ ስንት ይደርሳል?

በተለይ ኢንተርኔት ላይ የምታነቡ ከሆነ «ዞን 5»፣ «ዞን 9» የሚል ነገር ያጋጥማችኋል። ይሄ የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ያወጣው ካርታ ነው፣ መጨረሻ የታደሰው በ2023 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር። 13 ዞኖች አሉት፤ የሚለካውም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በዓመቱ ውስጥ ያለው ከሁሉም የከፋ ብርድ በአማካይ ስንት እንደሚደርስ። ዞን 5 ከዜሮ በታች ከ23 እስከ 29 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ዞን 10 ከዜሮ በታች 1 እስከ ከዜሮ በላይ 4 ዲግሪ ገደማ። ቁጥሩ ሲያንስ ብርዱ ይበረታል። እንግሊዞች ደግሞ ከኤች 1 እስከ ኤች 7 የሚል የራሳቸው መለኪያ አላቸው፣ እሱ ተቃራኒ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ተክሉ ብርድ ቻይ ነው ማለት ነው። እንዳትቀላቅሏቸው።

ዞን ብርድን እንጂ ሙቀትን አይነግርም። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። «ይሄ ተክል ከዜሮ በታች 30 የሚችል ከሆነ እኛ ጋ እንዴት ይከብደዋል?» ይላል። ይከብደዋል እንጂ! ፒዮኒ፣ ቱሊፕ፣ ሆስታ የመሳሰሉት በደንብ ለመነሳት ረዥም የብርድ እንቅልፍ ይፈልጋሉ። ብርድ በሌለበት አገር ፒዮኒ የተከለ ሰው ቢቀናው ቅጠል ያያል። ሥዕሉ ልብ ቢሰርቅም እለፉት።

በተቃራኒው ደግሞ መለያው ላይ «ዓመታዊ» የተባለ ሁሉ ለእናንተ ዓመታዊ ላይሆን ይችላል። በየበረንዳው የምናየው ፔላርጎኒየም ውርጭ ባለበት አገር የብርዱን ወቅት ስለማይሻገር እንደ ዓመታዊ ይሸጣል። ውርጭ በሌለበት ግን ዓመታት ይኖራል፣ ግንዱም እየጠነከረ እንጨት ይመስላል።

4. ምን እንዲሠራላችሁ ነው የምትፈልጉት?

አሁን ቦታውን አውቃችኋል። ቀጥሎ ለቦታው ሥራ ስጡት። ግድግዳ መሸፈን ነው? ተዳፋት መሬት እንዳይሸረሸር መያዝ ነው? ለአበባ ማስቀመጫ የሚቆረጥ አበባ ነው? ንብ መጥራት ነው? ወይስ ማንም የማይደርስበት ጥግ ላይ ራሱን ችሎ እንዲኖር? «ቆንጆ እንዲሆን» መልስ አይደለም።

ከዚያ ስፋቱን እዩ። የምትገዙት ችግኝ 15 ሴንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ እናንተን የሚመለከታችሁ ግን በሦስተኛው ዓመት የሚደርስበት መጠን ነው። መለያው «ስፋት 60 ሴንቲ ሜትር» ካለ ከጎረቤቱ 60 ሴንቲ ሜትር ራቅ አድርጉት። በዚህ ሒሳብ በአንድ ካሬ ሜትር ሦስት ተክል ቢበቃ ነው። በ45 ሴንቲ ሜትር ርቀት አምስት፣ በ30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አሥር ገደማ ይገባል። በመጀመሪያው ዓመት መደቡ ራሰ በራ ይመስላል። ዓይናችሁ ካልቻለ ክፍተቱን በዓመታዊ አበባ ሙሉት እንጂ ቋሚዎቹን አታጨናንቁ። ረዥሙ ከኋላ፣ አጭሩ ከፊት ይሁን፣ ይሄን ማንም ያውቀዋል። ከአሥር ዓይነት አንዳንድ ከመትከል ግን ከሦስት ዓይነት ሦስት ሦስት ወይም አምስት አምስት መትከል ለዓይን በጣም ይሻላል፤ አንዳንድ ብቻ ሲሆን ጓሮው የናሙና ጠረጴዛ ይመስላል።

አበባውስ? ብዙዎቹ ቋሚ አበቦች በዓመት የሚያብቡት ለጥቂት ሳምንታት ነው። የቀረውን ጊዜ የምታዩት ቅጠሉን ነው። አበባው እንግዳ ነው፣ የቤቱ ባለቤት ቅጠሉ ነው። ስለዚህ ስትመርጡ አበባውን በእጃችሁ ሸፍኑና «ይሄን ቅጠል ብቻውን እወደዋለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሴደም ወፍራም ቅጠል፣ የአርጤሚስያ ብርማ ቀለም፣ የካና ሰፊ ቅጠል አበባ ባይኖርም መደቡን ይይዙታል። ከዚያ በኋላ የሚያብቡበትን ወር ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ሁሉም በአንድ ወር ላይ ከተደረደሩ የተወሰነውን ቀይሩ።

5. ስሙን በትክክል ያዙ

ይሄን ክፍል ለመዝለል አትቸኩሉ። «ጄራኒየም» ሲባል ሁለት የተለያዩ ተክሎች ሊሆኑ ይችላሉ። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1753 ሁለቱንም በአንድ ስም ነበር የመዘገባቸው፤ በ1789 ፔላርጎኒየም ተለይቶ ወጣ። ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ ሁለቱንም ጄራኒየም ይላል። ፔላርጎኒየም ብዙ ዘመዶቹ ከደቡባዊ አፍሪካ የመጡ፣ ፀሐይ ወዳድ፣ ውርጭ የማይችል ነው። እውነተኛው ጄራኒየም ብርድ የሚችል፣ አንዳንዱም ጥላ የሚስማማው ነው። በተሳሳተው ስም መመሪያ ካነበባችሁ ተክሉን በተሳሳተ መንገድ ትይዙታላችሁ።

መፍትሔው የላቲን ስሙን መያዝ ነው። የመጀመሪያው ቃል የወገኑ ስም ነው፣ ሁለተኛው የዝርያው፣ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያለው ሦስተኛው ደግሞ ሰው መርጦ ያዳቀለው ወይም የለየው ዓይነት ነው። ሁለተኛው ቃል ብዙ ጊዜ ምስጢር ያወጣል። «ሬፕታንስ» ወይም «ሬፔንስ» ካለ እየተሳበ የሚሄድ ነው፣ ቦታ ይበላል። «ፓሉስትሪስ» ረግረግ መሬት የለመደ ነው። «ሲልቫቲካ» የጫካ ነው፣ ጥላ ሊስማማው ይችላል። «ናና» ደግሞ በላቲን ድንክ ማለት ነው፤ እኛ ከምናውቀው ናና ጋር ምንም አያገናኘውም። ስሞች አልፎ አልፎ ይቀየራሉም። ሮዝመሪ ድሮ ሮዝማሪነስ ኦፊሲናሊስ ነበረች፣ ዛሬ ሳልቪያ ሮዝማሪነስ ትባላለች። ሁለቱንም ስታገኙ ያው አንዲቱ ናት።

6. ለየትኛው ቦታ የትኛው?

ሙሉ ፀሐይ ላለው፣ ውሃ ቶሎ ለሚሰርግበት ቦታ፦ ላቬንደር፣ ሮዝመሪ፣ ጦስኝ፣ ሴደም፣ ጋዛኒያ፣ አርጤሚስያ። ቅጠላቸውን እዩት። ወይ ትንሽ ነው፣ ወይ ወፍራም፣ ወይ ብርማ፣ ወይ ፀጉራም። ይሄ ውሃ የመቆጠብ ዘዴ ነው፤ የማታውቁት ተክል ቢያጋጥማችሁ እንኳ ቅጠሉን አይታችሁ መገመት ትችላላችሁ። ሰፊ፣ ቀጭንና ለስላሳ ቅጠል ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ ውሃና ጥላ ይፈልጋል።

ሙሉ ፀሐይና መካከለኛ አፈር ካላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፣ ዝርዝሩ አያልቅም። አጋፓንተስ፣ ዴይሊሊ፣ ሳልቪያ፣ ሩድቤኪያ፣ ሻስታ ዴይዚ፣ ኢኪናሲያ፣ ዳህሊያ። ለጀማሪ አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ዴይሊሊን እላለሁ። እያንዳንዱ አበባ የሚቆየው አንድ ቀን ነው፣ ግን አንዱ ዘንግ ብዙ እምቡጥ ስለሚይዝ በየተራ ይከፈታሉ፤ ብትረሱትም ይቅር ይላችኋል።

እርጥበት ለማይጠፋበት ቦታ ካናና ካላ ሊሊ ጥሩ ናቸው። ያቺ ቧንቧ አጠገብ አሁን ያለችው ካና ናት፣ ያውም እንደ ልቧ። ለጥላ ደግሞ ክሊቪያ፣ እርጥበት ካለ ፈርን፣ ብርድ ወቅት ባለበት አገር ሆስታና ሄሌቦር።

አንድ መደብ ላይ ውሃ ወዳዱንና ድርቅ ቻዩን አትቀላቅሉ። አንዱን ስታጠጡ ሌላውን ታሰምጣላችሁ።

7. ጠላት እንዳታስገቡ

ሦስት ነገር አጣሩ። መርዝ፦ ፎክስግላቭና አኮኒተም የልብን አሠራር የሚያውክ መርዝ አላቸው፣ ሕፃናት ባሉበት ቤት አይመከሩም። ድመት ካላችሁ ሊሊና ዴይሊሊ አይሆኑም፤ ትንሽ ቅጠል ወይም ብናኝ እንኳ የድመትን ኩላሊት ሊያጠፋ ይችላል። ከላይ ዴይሊሊን ሳሞግስ ይሄን ማለት ነበረብኝ።

ሁለተኛው መስፋፋት ነው። ናና ከመሬት ሥር እየተሳበች መደቡን ትወርሳለች፤ እሷን በማሰሮ ትከሏት።

ሦስተኛው ከአጥር ማምለጥ ነው። እምቦጭ ምን እንዳደረገ ሁላችንም እናውቃለን። ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው ግን ሐምራዊ አበባው አምሮባቸው ለጌጥ ይዘውት በዞሩ ሰዎች ነው፤ እሱም ቋሚ ተክል ነው። የወፍ ቆሎ የምንላት ላንታናም የጌጥ ተክል ሆና ነው ከአሜሪካ አህጉር የወጣችው። ስለዚህ የማታውቁትን ተክል ከመግዛታችሁ በፊት በአካባቢያችሁ ወራሪ ተብሎ መመዝገብ አለመመዝገቡን ጠይቁ። ሻጩ «ምንም ሳትነኩት ራሱ ይበዛል» እያለ ካሞገሰው ጆሯችሁ ይቁም።

8. ችግኝ ጣቢያ ስትደርሱ

ያበበውን አትውሰዱ። አውቃለሁ፣ ከባድ ነው። ሁለት ተመሳሳይ ችግኝ ካለ ግን ገና ያላበበውንና ከሥር ብዙ አዲስ ቡቃያ ያወጣውን ያዙ፤ እሱ ጉልበቱን ለሥር ያስቀምጣል። ቀጥሎ ግንዱን በጣቶቻችሁ መሃል ይዛችሁ ማሰሮውን ገልብጡና ቀስ ብላችሁ አውጡት፣ ሻጩን አስፈቅዳችሁ። ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ጤነኛ ሥር አፈሩን ይዞ ከወጣ ጥሩ ነው። ጠቁሮ የሚሸት ከሆነ መልሱት። ሥሩ ዙሪያውን ተጠምጥሞ አፈሩ ካልታየ ማሰሮው ውስጥ ብዙ ቆይቷል ማለት ነው፤ ዋጋ ካልቀነሱላችሁ ተዉት። ቅጠሉንም ገልብጡ፣ ክሽክሽና ነጭ ዝንብ የሚደበቁት ከታች ነው። ማሰሮው ላይ አረም ካለ ጓሮአችሁ የሚገባው እሱም ነው።

ትልቅ ማሰሮ ሁልጊዜ አይሻልም። ትንሿ ችግኝ ቶሎ ሥር ትሰዳለች፣ ብዙ ጊዜም በሁለት ዓመት ውስጥ ትልቋን ትደርስባታለች። ዋጋውን ለሦስት ትንንሽ ብታውሉት ይሻላል።

9. አተካከል

ጊዜው ዝናብ ሲጀምር ነው፤ ብርድ ወቅት ባለበት አገር ደግሞ ብርዱ ሲያልፍ ወይም ከመግባቱ ሁለት ወር ገደማ አስቀድሞ። አመሻሽ ላይ ትከሉ።

ችግኙን ከነማሰሮው ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ አረፋው እስኪያልቅ። የማሰሮውን እጥፍ የሚሰፋ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ጥልቀቱ ግን ከማሰሮው አይብለጥ። የተጠመጠመ ሥር ካለ በጣታችሁ ፍቱት፣ እምቢ ካለ በቢላ ጎን ጎኑን ጫር አድርጉት። ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት አንገት ከመሬቱ እኩል ይሁን። አንገቱ ከተቀበረ ብዙዎቹ ይበሰብሳሉ። ጢም ያለው አይሪስ የምድር ውስጥ ግንዱ ጀርባ ፀሐይ እንዲያየው ይፈልጋል። ፒዮኒ ቡቃያው ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተቀበረ ማበብ ሊያቆም ይችላል። አፈሩን መልሱ፣ በእጅ ጠቅጠቅ አድርጉ፣ በደንብ አጠጡ። ከዚያ ጉዝጓዝ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አንጥፉ፣ አንገቱን ግን አትንኩት።

በመጀመሪያው ዓመት ውሃ አልፎ አልፎ ግን ጠለቅ አድርጋችሁ ስጡ። በየቀኑ መርጨት ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል። ድርቅ ቻይ የተባለውም ቢሆን ሥር እስኪሰድ ድርቅ አይችልም። አበባው ትንሽ ቢሆን አትደንግጡ፤ ሥራው ከታች ነው ያለው።

10. ከዚያ በኋላ

የጠወለገ አበባ ቁረጡ፤ ተክሉ ዘር በማፍራት ፈንታ ብዙ ጊዜ ደግሞ ያብባል። ደርቆ የተኛውን ግንድ አዲስ ቡቃያ ከታች ብቅ ሲል ቁረጡት። ላቬንደርን ግን እስከ ደረቁ እንጨት ድረስ አትቁረጡ፣ ከዚያ ላይ መልሳ ማቆጥቆጥ ይከብዳታል።

ከ3 ወይም ከ4 ዓመት በኋላ የተክሉ ዘለላ መሃሉ ራሰ በራ ሆኖ ዙሪያው ብቻ ሲያብብ ታያላችሁ። መከፈል ይፈልጋል ማለት ነው። አበባው ካለቀ በኋላ ዙሪያውን ቆፍራችሁ አውጡት፣ በአካፋ ወይም በመጋዝ ሰንጥቁት፣ የሞተውን መሃል ጣሉ፣ ከዳር ያሉትን ቢያንስ ሦስት ቡቃያ እንዲይዙ አድርጋችሁ ለያዩ። ሥሩ ሳይደርቅ በዚያው ቀን መልሳችሁ ትከሉ። ያቺ ቧንቧ አጠገብ ያለች ካና ባለፈው ስትከፈል ዘጠኝ ሆነች፤ ሦስቱን ተከልኩ፣ ስድስቱ ለጎረቤት።